ስልኩን ያነሳችው ዓለምነሽ አይደለችም

መስከረም 13 ቀን 2016፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዙልኝ የንስሐ አባቴ አባ አንድርያስ ናቸው። ሽፋኑ ላይ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ድመት አለ። «ሌላ አልነበረም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ ልገባ ቀረብኩና የተለመደውን «አባቴ፣ ሰው አማሁ» አልኳቸው። «ስንት ሰው?» ሲሉኝ «የዚህን ሳምንት ብቻ ነው?» አልኩ። እስከ ዛሬ የሚሰጡኝ ስግደት ነበር። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዴም ሦስት መቶ። ጉልበቴ ተበላሸ እንጂ ምላሴ አልታረመም። ዛሬ ግን «ቀኖናሽ ይህ ደብተር ነው» አሉ። «ምላስሽን ሲያሳክክሽ ለሲና ከመደወል እዚህ ላይ ጻፊው። እዚህ የጻፍሽውን ደግሞ ለማንም አትናገሪም።»

ሲና ጓደኛዬ ናት። ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ትሸጣለች፣ እኔ እዚያው ዊልቸር እገፋለሁ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ኮሎምበስ ዳር፣ ዋይትሆል ባለው አፓርታማዬ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ወሬ ባይኖር ምን ልሠራ ነበር? ደግሞስ ዊልቸር የሚገፋ ሰው ጆሮው ሁልጊዜ ከተቀመጠው ሰው አፍ በላይ ነው። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ዛሬ ብቻ አራት ነገር ሰማሁ። አልጽፋቸውም። አንዱን ግን... አይ፣ አልጽፈውም።

መስከረም 20፣ እሑድ

ሰበካ ጉባኤ ተሰበሰበ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ስለሆንኩ ጥግ ላይ አንዲት ወንበር አለችኝ።

አጀንዳው ፅንስ ማስወረድ ነበር። ኦሃዮ ይፈቀድ አይፈቀድ ብላ በኖቬምበር ድምፅ ልትሰጥበት ስለሆነ የሰፈሩ ሣር ሁሉ የቅስቀሳ ሰሌዳ አብቅሏል። ሊቀ መንበራችን ጋሼ ፍቅሬ ተነሡና «ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አቋማቸውን ተናግረዋል፣ ዝም ያልነው እኛ ብቻ ነን። አሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው መግለጫ አዘጋጅቻለሁ» አሉ። ጋሼ ፍቅሬ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን መግለጫ ይወዳሉ። ባለፈው ዓመት ስለ ጫማ መደርደሪያው ስምንት አንቀጽ አውጥተው ነበር።

ሦስተኛው አንቀጽ ያደረገችም፣ የመከረም፣ በመኪና ያደረሰም ከምእመናን ይለይ ይላል። «ያደረሰም» የሚለው ላይ ሁከት ተነሣ። ከጉባኤው ግማሹ ኡበር ታክሲ ይነዳል። «ሰውዬ፣ እኔ የት እንደምትሄድ በምን አውቃለሁ? ስልኩ ነው የሚመራኝ!» አለ አንዱ።

በመጨረሻ አባ አንድርያስ ተናገሩ። «ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የታወቀ ነው፣ እኔም አልለውጠውም። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እዚህ ከተማ በአገለገልኩበት አሥራ ስድስት ዓመት፣ ነገሩ ከመሆኑ በፊት ‹አባ፣ ጨነቀኝ› ብላ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ሴት የለችም። አንዲት! ለምን ይመስላችኋል?»

ጋሼ ሀብተማርያም፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ፓርኪንግ ስለሌለን ይሆናል» አሉ።

አባ የወሰኑት እንዲህ ነው። አንድ ስልክ ይገዛል፣ ቁጥሩ ሴቶች መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይለጠፋል፣ የጨነቃት ትደውላለች። የሚያነሣው ማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። መግለጫውም ይቀጥላል።

ከዚያ መኪናቸው ዘንድ ጠሩኝና አንዲት የምትታጠፍ ስልክ እጄ ላይ አስቀመጡ። እኔ! «አባቴ፣ አእምሮዎ ደኅና ነው?» ልል ምንም አልቀረኝም። «ለምን እኔን?» አልኩ። «አንደኛ፣ ስልክ ሲጠራ ታነሻለሽ፣ ሌላው ሁሉ አያነሣም። ሁለተኛ፣ ምስጢር ለአንቺ ይሰጣል ብሎ የሚጠረጥር አንድም ሰው የለም» አሉኝ።

ተሰደብኩ ወይስ ተከበርኩ? እስካሁን እያሰብኩት ነው።

መስከረም 23

በሥራ ላይ። ጌት ቢ። አምስት ጊዜ ተደወለ።
አንዱ እንጀራ ያዘዘ ነው። አንዷ አዳራሹ ለልደት ባዶ መሆኑን ጠየቀች። አንዱ ሚስት ይፈልጋል፣ «ቁመቷ መካከለኛ ይሁን» አለ። አንዱ ጽጌ ጾም ግዴታ ነው ወይ ብሎ ሁለቴ ደወለ።
ለሁሉም ድምፄን አወፍሬ እንደ እማሆይ ነው የምመልሰው። ለዊልቸሩ ሰውዬም በእማሆይ ድምፅ «ተጠንቀቅ ልጄ» አልኩት። አሜሪካዊ ነው።

መስከረም 24

ዛሬ ደግሞ አንድ ስልክ ተደወለ፣ የሚናገር የለም። ከበስተኋላ ብቻ ጢው የሚል ድምፅ። ቆይቶ እንደገና ጢው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ ስሞክ ዲቴክተሩ፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። የሰው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ተዘጋ።

መስከረም 27፣ እሑድ

እንደገና ደወለች። እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

«የቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ነው?»

«ነው ልጄ፣ ተናገሪ» አልኩ በእማሆይ ድምፅ።

«ይቅርታ፣ እትዬ ዓለምነሽ አይደሉም አይደል?»

ዓለምነሽ እኔው ነኝ። «የትኛዋ ዓለምነሽ?»

«የኤርፖርቷ። እሷ ከሆነች ልዝጋው። ለእሷ ጠዋት የነገሯት ምሳ ሰዓት ላይ ዳላስ ይደርሳል። ፅጌረዳን ምን እንዳደረገቻት ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«አይደለሁም» አልኩ። ውሸት ነው፣ ንስሐ እገባበታለሁ። ደግሞ ዳላስ ማንንም አላውቅም። የማውቀው ሂውስተን ነው።

ጢው አለ ከበስተኋላዋ።

«የምጠይቀው ለጓደኛዬ ነው» አለች። ጓደኛዋ አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ ትልቋ በጥር ታገባለች። እና ጓደኛዋ አርግዛለች። በመጨረሻው ልጅ ጊዜ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ይብቃሽ» ብሏት ነበር። «ደግሞ ያሳፍራል» አለች። «ሽበቷን የምትቀባ ሴት እንዴት አራስ ትሆናለች? ልጇ ቬሎ ስትለካ እናትየዋ የእርጉዝ ቀሚስ ትለካ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸባት።

«ባሏ ምን አለ?» አልኩ።

«አያውቅም። እሱ ጉዳዩን የሚያውቀው በመግለጫ ነው።»

ጢው።

ቤተ ክርስቲያን የምትለውን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «የቤተ ክርስቲያኑን መልስ ጓደኛዬ ታውቀዋለች፣ በቃሏ ነው የምትይዘው። የማታውቀው ለማን እንደምታለቅስ ነው።»

እኔም አፌን ዘጋሁ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ እኔ ስልኩን ያዝኩላት። ሌላ ምን ይደረጋል? ሲበርድላት ጓደኛዋ የሐኪም ቀጠሮ እንዳላት፣ ብቻዋን መሄድ እንደፈራች ነገረችኝ። «አብሬያት እሄዳለሁ» አልኩ። «ያውቋት ይሆናል እኮ።» «ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ማን እንደሆነች አላውቅም። ድምፅዋን አላወቅሁትም። በጥር ልጁን የሚድር ሰው ኮሎምበስ ውስጥ ስንት ነው! አላወቅሁም ብያለሁ፣ አላወቅሁም።

ስለ ፅጌረዳ ዛሬ አልጽፍም።

ጥቅምት 1

ሲና ምሳ ላይ «ምን ሆነሻል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልነገርሽኝም። ታመሻል?» አለችኝ።
ሆድ ይፍጀው አልኩ። በእውነት ይፈጃል። ማታ ማታ የጨጓራ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

ቀጠሮው ዛሬ ነበር።

መኪናዬ ትራንስሚሽኑ ስለሞተ ጎረቤቴ ሳላሃዲን ወሰደኝ። ሳላሃዲን በዲቪ የመጣ የደሴ ልጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ማታ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል። ቀን መተኛት ሲገባው እኔን ያመላልሳል። የሴቶች ሐኪም ቤት መሆኑን ሲያይ መሪውን ጨብጦ ቀጥታ ፊት ለፊት ብቻ ተመለከተ።

ሴትዮዋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ጥቁር መነጽር፣ ማስክ፣ በዚያ ላይ እስከ ቅንድቧ የተደፋ የከተማው ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቆብ። ባንክ የሚዘርፍ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይሸፋፈንም። እኔ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ወንበር ዘልዬ ተቀመጥኩ። እኔ መሆኔን ስታይ ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ነበር፣ ዓይኔን ከጣሪያው እንዳልነቀልኩ ስታይ ቀረች። እጇን ዘረጋች፣ ያዝኩት። ነርሷ ስም ልትጠራ ስትወጣ ሁለት ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ «አቡነ ዘበሰማያት» አልኩ። ከፍ አድርጌ ነው መሰለኝ፣ አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄዱ።

ሴትዮዋ ስትገባ ቦርሳዋንና አንድ የእርጉዝ ሴት ሥዕል ያለበት ወረቀት እኔ ጭን ላይ ትታ ሄደች። ዓይኔን ስገልጥ ሲና ፊቴ ቆማለች። ለዓመታዊ ቼክአፕ መምጣቷ ነው። ከከተማው ሐኪም ሁሉ ይሄን፣ ከቀኑም ሁሉ ዛሬን!

«ዓለምነሽ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዊልቸር ነው» አልኩ።

«ዊልቸሩ የታለ?»

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሳላሃዲን ጁስና ሙዝ ይዞ ገባ። «እትዬ፣ እንዳይርብዎት ብዬ ነው።»

ሲና ሙዙን አየች። ወረቀቱን አየች። ሳላሃዲንን ከላይ እስከ ታች አየች። ነርስ መጥታ በሌላ በር ባትወስዳት ኖሮ እዚያው ቆማ ትቀር ነበር።

ሴትዮዋ ስትወጣ ምን እንዳሉዋት አልጠየቅኳትም። «ገና አልወሰነችም ጓደኛዬ» አለችኝ ወለሉን እያየች። እሺ አልኩ። እኔም ወለሉን ነው ያየሁት።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

ደስ የሚል ቀን። ሰው ሁሉ እንዴት አከበረኝ! ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ወንበር ለቀቁልኝ። ወጥ ቤት ድስት ላነሣ ስል «ተይ፣ ተይ፣ ከባድ ነው!» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። አንዷ ውሃ አመጣችልኝ። አሮጊቶቹ ደግሞ ሳልፍ ዝም ይላሉ። ዝምታዬ ፊቴ ላይ ጸጋ አምጥቶ ይሆናል። አባ ልክ ነበሩ።

ጥቅምት 13

ጸጋ አይደለም።

ሳላሃዲን ከሥራ ሲመልሰኝ መኪናውን አቆመና «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ» አለ። «ጠይቅ።» «እኔና እርስዎ ልጅ ልንወልድ ነው እንዴ?»

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎታል። አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ ሳይስቅ። «ሀገር ቤት ያለችው እጮኛዬ ብትሰማ ምን እላታለሁ? እርስዎ እኮ ከእናቴ በሦስት ዓመት ይበልጣሉ» አለኝ። ያቺ ሦስት ዓመት ባትጨመር ምን ነበር!

ሳቅን። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ ጠፋ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ከተማው ሲያወራ እኔ ጸጋ ነው ብዬ ነበር። ማስተባበል ቀላል ነው፣ ሲናን «ሰው አጅቤ ነው የሄድኩት» ማለት ብቻ ነው። ግን ሲናን አውቃታለሁ፣ ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ። «ማንን?» ትላለች። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ውስጥ ያየቻትን ባለ ቆብ ታስታውሳለች፣ ቁመቷን ታስታውሳለች፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስሟን ታወጣዋለች። ስለዚህ ወይ የእኔ ስም ይጠፋል ወይ የሴትዮዋ።

ጥቅምት 15

እሺ፣ ፅጌረዳ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ መዝሙር ቤት ታገለግል ነበር፣ ነርሲንግ ትማር ነበር። አንድ ቀን ኤርፖርት ላይ አገኘችኝና አስወርዳ እንደነበር ነገረችኝ። ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም፣ እናቷ ሀገር ቤት ስለነበረች ይሆናል። አቀፍኳት። አብሬያት አለቀስኩ፣ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ለሲና ነገርኩ። «ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ ነው የነገርኳት።

ማንም ውጪ አላላትም። ማንም ክፉ አልተናገራትም። እሑድ የመዝሙር ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትቆም ግራና ቀኟ ባዶ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ሦስት እሑድ እንዲያ ቆማ በአራተኛው ቀረች። አሁን ፍራንክሊንተን እንደምትኖር ሰምቻለሁ። ከዋይትሆል አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

ትንሽ ነገር ነው የተናገርኩት እል ነበር ሁልጊዜ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገደል የከተትኳት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ዛሬ ተጠራሁ። ሦስት የጉባኤው ሰዎች፣ ጋሼ ፍቅሬ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ።

ደረጃውን እንደወረድኩ ከጣሪያው ላይ ጢው አለ።

ብዙ ቤት ይጮኻል። የኮሎምበስ ሰው ባትሪ አይቀይርም። ይህን እዚህ የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ወይዘሮ ዓለምነሽ» አሉ ጋሼ ፍቅሬ። ዓለሜ ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ። «እርስዎ የወጥ ቤት ኃላፊ ነዎት። መግለጫ እያዘጋጀን ባለንበት ጊዜ ስለ እርስዎ የሚወራው ነገር እውነት ነው?»

«ምን ይወራል?»

«ያውቁታል።»

ጢው።

ጋሼ ሀብተማርያም «እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምለው። ሣራም እኮ በዘጠና ዓመቷ...» ሲሉ «ጋሼ ሀብተማርያም!» ተብለው ጸጥ አሉ።

«ደግሞም» አሉ ጋሼ ፍቅሬ፣ «ሐኪም ቤት የሄዱት ለማስወረድ ነው የሚሉ አሉ። አንዲት እናት ቤቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክማ፣ ሰው ፊት ደኅና መስላ፣ እንዴት ትዞራለች? አጠገቧ ያለው ሰውስ እንዴት አያውቅም?»

የጋሼ ፍቅሬ ሚስት ማዘንጊያ ሻይ ይዛ ስትወርድ ይህን ሰማች። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ እርስ በርስ ተጋጩ። ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ነበር።

«ፍቅሬ» አለች። «እኔ...»

«ማዘንጊያ፣ ስኳር!» ብዬ ጮኽኩ። «ስኳር አምጪልኝ፣ እባክሽ! ብዙ!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ስኳር በሽታ እንዳለብኝ የማያውቅ የለም። ማዘንጊያም ታውቃለች። አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ተመልሳ ወጣች። ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፣ ስለ ሻዩ ይሆናል። አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ፊታቸው ጠጣሁ። ራሴን አዞረኝ።

«የምለው የለኝም» አልኩ በመጨረሻ። «ግን ጋሼ ፍቅሬ፣ ባትሪውን ይቀይሩት።»

«የቱን ባትሪ?»

ጢው አለ ልክ ያን ጊዜ፣ ከራሳቸው በላይ። አልሰሙትም። ማርያምን፣ አልሰሙትም።

ዝምታዬ እንደ ማመን ተቆጠረ። ከወጥ ቤት ኃላፊነት ተነሥቻለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የያዝኩትን የዕቃ ቤት ቁልፍ አስረክቤ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሳላሃዲን «እንዴት ነበር?» ሲለኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጥቅምት 20

ለአባ ደወልኩ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፣ ልናገር።» «ምን ልትናገሪ?» «ስሜን ላድን።» «ልጄ፣ እኔ በጉባኤው ፊት ንጽሕናሽን መናገር እችላለሁ። ከተናገርኩ ግን ‹ታዲያ ለማን ነው የሄደችው?› ይላሉ። አንቺ ምረጪ» አሉኝ።

ደብተሩን ጣልኩት። ድመቱ በመነጽሩ አየኝ። አነሣሁት።

ጥቅምት 27፣ መድኃኔዓለም

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ዛሬ ነው። ኦሃዮ ሰጠች፣ ጨረሰች። መግለጫችን አልወጣም። ማኅተሙ ከላይ ይሁን ከታች በሚለው ላይ ሁለት ስብሰባ ፈጅቶ አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆሟል።
ስልኩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጮኸም። ሚስት ፈላጊውም ተወኝ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ደወለች። ጢው አለ መጀመሪያ፣ ከዚያ እሷ።

«አለቀ» አለች።

ወርዶባት ይሁን፣ ሐኪሞቹ ለሕይወቷ ብለው ይሁን፣ ራሷ ወስና ይሁን፣ አልነገረችኝም። ጥያቄው ተሰልፎ አፌ ላይ ደረሰ። መቼ? የት? እንዴት? ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ውጬ አላውቅም። ዋጥኩት።

«አለሁ» አልኩ።

«ለአባ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «እኔ ራሴ ሄጄ።» ጓደኛዬ አላለችም ዛሬ። «አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ ቀኖናው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ግን መቼ ነው እህል የበላሽው አሉኝ።»

«መቼ ነው የበላሽው?»

«አላውቅም። ሴት ስትወልድ ሰው ገንፎ ይዞ ይመጣል። ለእኔ ማን ይመጣል? ቤቴ ማንም የሚያውቅ የለም። ሥራ ሄጃለሁ፣ ራት ሠርቻለሁ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት እየጻፍኩ ነው።»

ገንፎ ሠርቼ ልወስድላት አስቤ ነበር። በምን ምክንያት? ማን ወለደ ልበል? ደግሞ ቤቷን አላውቀውም። አላውቀውም።

ኅዳር 5

ሥራ ላይ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሲና ቆማለች። ሆዴን አየች፣ ዓይኔን አየች። ምንም አላለችም። ሲና ምንም ሳትል ስትሄድ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ታንክስጊቪንግ፣ ሁሉም ሥራ የለውም። አራት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስምንት ሴቶች! ሲና ከፊት፣ ትልቅ ድስት በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«ዓለምነሽ» አለች። «ይቅር በይኝ። ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ኤርፖርት ሳይሽ ልጁን እንዳጣሽው ገባኝ። እንዴት እንደሆነ ማንም አይጠይቅሽም። ያው አራስ ነሽ። የነቢያት ጾም ቅዳሜ ሳይገባ ቅቤ ቅመሺ ብለን ነው።»

ገንፎ ነበር። የገብስ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን እስኪያጥበው።

አልወለድኩም፣ አላረገዝኩም፣ እናንተ ዕብዶች ልል ነበር። ስምንቱም ቆመው አዩኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እነዚህ ሴቶች የፅጌረዳን ግራና ቀኝ ባዶ ያደረጉ ናቸው፣ እኔም አብሬ። አሁን ግን ድስት ይዘው ቆመዋል። «ግቡ» አልኩ።

ማዘንጊያ መጨረሻ ላይ ነው የገባችው። ከስታለች። እጇ ላይ አንድ ጥቅል ወረቀት ነበር፣ ጋሼ ፍቅሬ ለሴቶቹ አድዪ ብለው ነው። መግለጫው በመጨረሻ ታትሟል፣ ሁለት መቶ ኮፒ፣ ምርጫው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሲና «ጠረጴዛው እንዳይቃጠል፣ እዚህ አምጪው» ብላ ጥቅሉን ከእጇ ወሰደችና ድስቱን ላዩ ላይ አሳረፈችው።

ከዚያ ጠብ ተነሣ። የገንፎው ጉድጓድ ጠቧል፣ ሰፍቷል፣ በርበሬው መጀመሪያ ነው፣ የለም ቅቤው ነው። አንዷ በማንኪያ፣ አንዷ በጭልፋ ቆፈረች። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በይ ብዪ።»

ሳህኑን አነሣሁና ማዘንጊያ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ?» አለች።

«ስኳር አለብኝ። አንቺ ብዪልኝ።»

ለእሷ የሰጠኋት አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። ሲና ትንሽ ትቀርብ ነበር፣ ግን ሲና በልታ ነው የመጣችው።

ማዘንጊያ ማንኪያውን ያዘች። መጀመሪያ በጥርሷ ጫፍ ቀመሰች። ከዚያ ጎረሰች። እንደገና ጎረሰች፣ እንደ ተራበ ሰው። እንባዋ ቅቤው ውስጥ ይወርድ ጀመር። «በርበሬው ነው» አለች። «በርበሬው ነው» አልን ሁላችን።

ሲና ማዘንጊያን አየች። እኔን አየች። ሳህኑን አየች። አፏ ሲከፈት አየሁ፣ ያ እኔ ራሴ ያስተማርኳት አከፋፈት ነው። ሲና አፏን ዘጋችው። ተነሣች፣ የቅቤውን ዕቃ አመጣችና ማዘንጊያ ሳህን ላይ እስኪሞላ አፈሰሰች። «ብዪ፣ እህቴ» አለቻት።

ሲሄዱ ማዘንጊያ ቦርሳ ውስጥ ሳታየኝ አንድ ባትሪ ከተትኩ። ባለ ዘጠኝ ቮልት። ሱቅ በርካሽ ስላገኘሁት ነው።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ጮኸ። አነሣሁት። ማንም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሁለታችንም አዳመጥን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት። ጢው የሚል የለም። ዝም ያለ ቤት ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማሆይ» አለችና ዘጋችው።

ደብተሩ አንድ ገጽ ቀርቶታል። የራሴን ስልክ አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያልደወልኩበት፣ ያልሰረዝኩትም ቁጥር አለ። ሁለቴ ሌላ ቦታ ነካሁ። በሦስተኛው ጠራ። አምስቴ ጠራ።

«ሃሎ? ማን ልበል?»

ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔም ድምፄን አላወፈርኩትም።

«ፅጌረዳ» አልኩ። «ዓለምነሽ ነኝ።»

አልዘጋችውም።